አጭር ሞገድ፣ ረጅም ትዝታ

ሰው ያለፈ መከራውን በደስታ ሲያወጋ መስማት አዲስ ነገር አይደለም። ወታደሩ ስለ ዘመቻው፣ ተማሪው በባዶ ሆዱ ስላጠናበት ሌሊት ሲተርክ ከመራራው ይልቅ ጣፋጩ ጎልቶ ይሰማል። ሆኖም በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በመንዲና በደምቢ ዶሎ ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ ሰዎች ስለ ራዲዮ ጨዋታ ሲያነሡ የሚታየው ስሜት ለየት ያለ ነው። የሚናፍቁት ራዲዮውን በመስኮት አስቀምጠው፣ ጎረቤት ሰብስበው፣ በይፋ የሰሙበትን ጊዜ አይደለም። በር ዘግተው፣ የኩራዙን ክር ዝቅ አድርገው፣ ጋቢ ተከናንበው፣ ጆሯቸውን ከድምፅ ማጉያው ጋር አጣብቀው የሰሙበትን ጊዜ ነው። ያ ጊዜ ደግ ጊዜ እንዳልነበረ ከማንም በላይ ራሳቸው ያውቃሉ። እንዲያም ሆኖ ስለ እርሱ ሲያወጉ ዓይናቸው ይበራል።

ለመሆኑ ሰው ፍርሃትን ሊናፍቅ ይችላል? ከቻለስ ናፍቆቱ ተገቢ ነው? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የሥነ ልቡና ጥያቄ ይመስላል፤ ጠለቅ ብለው ሲመለከቱት ግን የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። ያለፈን ዘመን መውደድ በዚያ ዘመን በሰው ላይ ስለተፈጸመው ነገር አንድ ዓይነት ፍርድ መስጠት ነውና።

ስሜቱ የወለጋ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958 ራዲዮ መርኩር የተባለ ጣቢያ ከዴንማርክ ጠረፍ ፊት ለፊት ከቆመ መርከብ ላይ ማሰራጨት ጀመረ። በ1960 በሆላንድ ራዲዮ ቬሮኒካ፣ በ1961 በስዊድን ራዲዮ ኖርድ ተከተሉ። በመጋቢት 1964 ደግሞ ራዲዮ ካሮላይን በእንግሊዝ ጠረፍ አንጻር መልሕቁን ጥሎ ለወጣቱ ከጠዋት እስከ ማታ ዘፈን ያሰማ ጀመር። በእነዚያ አገሮች ራዲዮ በመንግሥት ወይም በአንድ ሕዝባዊ ድርጅት እጅ ብቻ ስለ ነበረና ወጣቱ የሚወደው ሙዚቃ የሚሰማው በጥቂት ሰዓት ተቆጥሮ ስለ ነበረ፣ ከአገሩ የባሕር ክልል ውጪ የቆመው መርከብ ከሕግም ከልማድም ውጪ ያለ ነጻ መሬት መሰለ። የባሕር ወንበዴ ራዲዮ የሚል ስም ወጣለት። የእንግሊዝ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1967 በሥራ ላይ ባዋለው ሕግ በመርከቦቹ ላይ የሚሠራውን፣ ስንቅ የሚያቀብለውንና ማስታወቂያ የሚሰጠውን ሁሉ ወንጀለኛ አደረገ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ግን ቢ.ቢ.ሲ. ራዲዮ አንድ የተባለውን የሙዚቃ ጣቢያ ሲከፍት፣ ከማይክሮፎኑ ፊት ያስቀመጣቸው ብዙዎቹ ትናንት ከመርከቡ ላይ የወረዱ ሰዎች ነበሩ። ካሮላይን ራሱ ተባርሮ፣ ሰጥሞ፣ ተመልሶ፣ በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2017 ሕጋዊ የማሰራጫ ፈቃድ አግኝቷል። በወጣትነታቸው በብርድ ልብስ ውስጥ ያደመጡት ሰዎች ዛሬ አርጅተው፣ የመርከቡን ደወል እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ያስታውሱታል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ታሪክ እንግዳ አይሆንበትም። በአገራችን ቋንቋ «ሽፍታ» የሚለው ቃል ከጥንት ጀምሮ ሁለት ፊት ያለው ነው። ሽፍታ ዘራፊ ነው፤ ሽፍታ ደግሞ እምቢ ባይ ነው። ጫካ የገባው ሰው ምሕረት ተደርጎለት ሲመለስ ሹመት ያገኘበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የመርከቡ አስተናባሪ ወደ ቢ.ቢ.ሲ. መግባቱም ከዚህ የራቀ ነገር አይደለም።

ነገር ግን ወለጋ ባሕር የላትም። የወለጋ ባሕር ሰማይዋ ነበር። አጭር ሞገድ የሚባለው የራዲዮ ሞገድ መሬት ለመሬት ብቻ አይጓዝም፤ ወደ ላይ ወጥቶ የፀሐይ ጨረር በኤሌክትሪክ ከሞላው ከፍተኛ የአየር ክፍል ጋር ሲገናኝ ተመልሶ ወደ መሬት ይወርዳል። በዚህ ጠባዩ ምክንያት አንዳንድ ጊዜ በቅርብ ያለው ጣቢያ ጭራሽ ሳይሰማ፣ በሺህ በሚቆጠር ኪሎሜትር የሚርቀው ጥርት ብሎ ይደመጣል። ቀን የጠፋው ማታ ይመጣል፤ የመጣውም እየራቀና እየቀረበ፣ እንደ ሰው እስትንፋስ ከፍ ዝቅ እያለ ይደመጣል። ነቀምቴ ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎሜትር በላይ፣ ደምቢ ዶሎ ደግሞ ከ600 ኪሎሜትር በላይ ይርቃሉ። በክረምት መንገዱ ጭቃ ሲሆን ጋዜጣ ሲደርስ ያረጀ ነበር። ስለዚህ የቡና ብር እጅ ሲገባ፣ ከቆርቆሮና ከልብስ ቀጥሎ የሚገዛው ዕቃ ራዲዮ ሆነ። በቆዳ ቦርሳው እንደ ተለበጠ፣ በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ከቤቱ ሁሉ ከፍ ባለ ቦታ ይቀመጣል። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ሽቦ ከባሕር ዛፍ ጫፍ እስከ ጣራው ተዘርግቶ አንቴና ይሆናል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ልጅ ፊዚክስ ሳይማር ስለ ሞገድ ጠባይ ያወቀው ብዙ ነው።

በዚህ ሰማይ ላይ ምን ምን ድምፅ ነበር? መጀመሪያ ሽፍታ ያልሆነው ይነሣ። በየካቲት 1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመረቀው ብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ንብረት ሲሆን፣ ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ፈቃድ ያገኘ ነበር። ጌጃ ደራ ላይ የተተከሉት ሁለቱ ባለ 100 ኪሎዋት ማሰራጫዎች ድምፁን ከአፍሪቃ አልፎ እስከ እስያ ያደርሱ ነበር። ከጊዜው ሠላሳ በመቶ የሚሆነውን ለስብከት፣ ሰባ በመቶውን ለዜና፣ ለትምህርትና ለባህል የመደበ ጣቢያ ነበር። የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ሥር በሰደደበት በወለጋ ይህ ጣቢያ እንደ ቤተሰብ ይታይ ነበር። መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ወታደራዊው መንግሥት ጣቢያውን ወረሰው፤ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅም ሆነ። ማሰራጫው ያው ነው፤ በራዲዮኑ ገጽ ላይ ቀይዋ ጠቋሚ የምትቆምበት ቦታም ያው ነው። የተለወጠው የሚናገረው ነው። ትናንት ማታ የለመደውን ድምፅ ፍለጋ ቁልፉን ያዞረ የጊምቢ ሰው፣ በዚያው ቦታ ሌላ ስም ሰማ።

ከዚያ ሌላ ከሩቅ የሚመጡት ነበሩ። ዶቼ ቬለ ከመጋቢት 1957 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛ ያሰራጫል። የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1982 ጀመረ። የሶማሊያ መንግሥት ከሞቃዲሾ በአማርኛና በኦሮምኛ ያሰማ ነበር። ቀጥሎም ከበረሃና ከድንበር ማዶ የሚሰሙት የትግል ራዲዮኖች መጡ፦ የኤርትራ ሕዝብ ነጻ አውጪ ግንባር ድምፂ ሓፋሽ ከ1979 እ.ኤ.አ.፣ የሕዝባዊ ወያኔ ሓርነት ትግራይ ድምፂ ወያነ ከ1985 እ.ኤ.አ.፣ ከ1980 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በሱዳን በኩል የኦሮሞ ነጻነት ግንባር ራዲዮ። ይህ የመጨረሻው ጦርነቱ ደጃፏ ድረስ ለመጣባት ለምዕራብ ወለጋ ከሌሎቹ ሁሉ የተለየ ነበር።

የሚገርመው፣ በአረጋውያኑ ጨዋታ ውስጥ እነዚህ ሁሉ ተቀላቅለው መነሣታቸው ነው። ፈቃድ ያለው፣ የተወረሰው፣ የውጭ መንግሥት የሆነው፣ ከጫካ የሚናገረው ሁሉ በአንድ ላይ «ያኔ የምንሰማው» ይባላል። ትዝታ የሕግ ሰው አይደለም፤ ፈቃድ አይጠይቅም።

እዚህ ላይ በኦሮምኛ ቋንቋ ውስጥ ያለ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። ዜና ወይም ወሬ «ኦዱ» ይባላል። መንገደኛ ከመንገደኛ ሲገናኝ የሚጠያየቀው ኦዱ ነው። የጥንት ተረት ደግሞ «ኦዱ ዱሪ» ነው፤ ቃል በቃል ሲወሰድ የድሮ ወሬ ማለት ነው። እንግዲህ በዚህ ቋንቋ አስተሳሰብ ዜናና ተረት የአንድ ነገር ሁለት ዕድሜዎች ናቸው። ወሬ ሲያረጅ ተረት ይሆናል። በ1970ዎቹ የተሰማው ዜና፣ ያኔ የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበት ዜና፣ ዛሬ በቡና ላይ ሲወራ ኦዱ ዱሪ ሆኗል። ተረት ደግሞ ሲነገር ጣዕም እንዲኖረው የግድ ነው። ስለዚህ አረጋዊው ዓይኑ የሚበራው ስለ ዋሸ ወይም ስለ ረሳ አይደለም፤ ወሬው በእጁ ላይ ዕድሜ ስለ ለወጠ ነው።

ይህ ግን መልሱን አይጨርሰውም። ከሬዲዮው የመጣውን ወሬ ብቻ ሳይሆን ወሬው የመጣበትን ቋንቋ ማሰብ ያስፈልጋል። በዘውዱ ዘመን የነቀምቴ ልጅ ከእናቱ ጋር በኦሮምኛ አውርቶ፣ ደጁን ከተሻገረ በኋላ የሚማረው፣ በፍርድ ቤት የሚከራከረው፣ በጽሕፈት ቤት ማመልከቻ የሚያስገባው በሌላ ቋንቋ ነበር። የራሱ ቋንቋ መጽሐፍ ቅዱስም እንኳ ከባሕር ማዶ ነው የመጣው፤ ኦኔሲሞስ ነሲብ ተርጉመውት እ.ኤ.አ. በ1899 በስዊዘርላንድ፣ በሴንት ክሪሾና ታተመ። እርሳቸው በ1931 እ.ኤ.አ. ነቀምቴ ላይ እስኪያርፉ ድረስ የዚያን መጽሐፍ ቋንቋ በገዛ አገሩ ለማስነበብ የታገሉት ትግል የታወቀ ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ በሌሊት ከሞቃዲሾ የመጣው ድምፅም ከዚሁ መንገድ አልወጣም፤ የገዛ ቋንቋ ከሰው አገር ነው የተሰማው። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለው ተረት ለዚህ ሁኔታ የተነገረ ይመስላል።

ለነገሩ ሚዛን እንዲኖረው፣ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በሪሳ ጋዜጣ በኦሮምኛ መውጣቱን፣ በመንግሥቱም ራዲዮ ኦሮምኛ ሰፊ ቦታ ማግኘቱን፣ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ኦሮምኛን ማካተቱን መዘንጋት አይገባም። ነገር ግን በራስ ቋንቋ መስማትና የራስን ነገር መስማት አንድ አይደሉም። ቋንቋው ተፈቀደ፤ የሚባለው ግን አስቀድሞ ተወስኖ ነበር። በዚያው በ1971 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ነው የቦጂው ተወላጅ ቄስ ጉዲና ቱምሳ፣ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ፣ ተይዘው የተገደሉት። ይህን ዜና በዚያን ጊዜ የትኛው የአገር ውስጥ ራዲዮ በኦሮምኛ ሊናገረው ይችል ነበር?

እንግዲህ ስለ ፍርሃቱ። በአውሮፓ ሕጉ የቀጣው ተናጋሪውንና አቀባዩን ነበር፤ አድማጩ አልጋው ላይ ተኝቶ ቢሰማ የሚመጣበት ነገር አልነበረም። የእንግሊዙ ልጅ ፈራ ቢባል አባቱን ነው የፈራው። በወለጋ ግን ተናጋሪው ሩቅና ደኅና ነበር፤ አደጋው ያለው በአድማጩ ላይ ነው። በቀይ ሽብር ዘመንና ከዚያም በኋላ የባዕድ ራዲዮ ሲሰማ የተገኘ ሰው በፀረ አብዮትነት፣ በጠባብነት ወይም በሰርጎ ገብነት ሊጠረጠር ይችል ነበር። ግድግዳ ጆሮ ነበረው። የአብዮት ጥበቃው በሌሊት ሲያልፍ የሚሰማው የጫማ ኮቴ ከዜናው ይልቅ ጎልቶ ይደመጥ ነበር። ስለዚህ ሁለቱ ናፍቆቶች በቅርፅ ቢመሳሰሉም በይዘት ይለያያሉ። አንዱ ስለ ወጣትነት ደስታ ነው፤ ሌላው በትንሽ ክፍል ውስጥ፣ ያለ ምስክር ስለ ተፈጸመ ድፍረት ነው። ሰው በሕይወቱ ደፋር የሆነበት ሌሊት ጥቂት ነው። ያንን ሌሊት ቢናፍቅ፣ ፍርሃቱን ሳይሆን በፍርሃቱ ውስጥ የቆመውን ራሱን መናፈቁ ነው።

አንዳንዱ ከዚህ ተነሥቶ የተደበቀው ድምፅ ሁሉ እውነተኛ ነበር ወደሚል ድምዳሜ ይዘልላል። ትልቁ ስሕተት ያለው እዚህ ላይ ነው። ከሞቃዲሾ በኦሮምኛ ስለ ነጻነት ይናገር የነበረው ራዲዮ የዚያድ ባሬ መንግሥት ራዲዮ ነበር። ያ መንግሥት በአገሩ ተቃዋሚውን እያሰረ፣ በ1969 ዓ.ም. ክረምት ጦሩን ወደ ኦጋዴን ሲያዘምት፣ የኦሮሞ ገበሬ ነጻነት ያሳሰበው ነበር ማለት የዋህነት ነው። ራዲዮው በኦሮምኛ ዘፈን ውስጥ የሶማሊያን ካርታ ይስል ነበር። የትግሉ ራዲዮኖችም ቢሆኑ ድላቸውን አብዝተው፣ ሽንፈታቸውን አሳንሰው ይናገሩ ነበር፤ ጦርነት ላይ ያለ ራዲዮ ሁሉ እንደሚያደርገው። መደበቅ እውነትን አያረጋግጥም።

ፈቃድ ማግኘትም አያረጋግጥም። እ.ኤ.አ. በ1993 በሩዋንዳ የተከፈተው ራዲዮ ሚል ኮሊን ሽፍታ አልነበረም። ፈቃድ ነበረው፤ ባለሥልጣን ደጋፊ ነበረው፤ ጥሩ ዘፈንም ያሰማ ነበር። በ1994 በዚያው ለዛ የሚገደሉ ሰዎችን አሳደደ። እንግዲህ የአንድን ድምፅ ሥነ ምግባራዊ ዋጋ ከመርከብ ወይም ከቤተ መንግሥት መነሣቱ አይወስነውም። የሚወስነው ምን እንዳለና አድማጩን ምን እንዳደረገው ነው።

ይህ ሲታወቅ በጨዋታው ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ምዕራፍ ይታያል፤ ለካድሬውም፣ ለመምህሩም፣ ለከያኒውም ከሁሉ ይልቅ የሚመለከተው ይህ ነው። በስውር ያደመጠውና በስውር ያሰማው ትውልድ፣ ማብሪያ ማጥፊያው በእጁ ሲገባ ምን አደረገ? በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ከጫካው ራዲዮ ወደ ጌጃ ደራው ማሰራጫ የተሻገሩት ሰዎች በማዕበል መካከል እንዴት እንደሚሰማ፣ እንዴትም እንደሚታፈን ያውቁ ነበር። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ሕግ ወጣ፤ ሳንሱር በሕግ ቀረ። ጋዜጣ እንደ አሸን ፈላ። ራዲዮ ግን ለረጅም ዓመታት ከመንግሥትና ከወዳጆቹ እጅ አልወጣም። በመጋቢት 2002 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ስርጭት ለማፈን የሚያስችል ዝግጅት ሲደረግ መቆየቱን በይፋ ገለጡ፤ ጣቢያውንም ከሚል ኮሊን ጋር አመሳሰሉ። ንጽጽሩ የሚል ኮሊንን ሙታን የሚያሳንስ መሆኑ አንድ ነገር ነው። ሌላው ግን ከዚህ ይከብዳል፤ የራሳቸው ድርጅት ራዲዮ በደርግ ዘመን በዚያው በአጭር ሞገድ፣ በዚያው ጩኸት መካከል ጆሮ ሲፈልግ የኖረ ነበርና። በ2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መመሪያ ደግሞ ኢሳትንና ኦ.ኤም.ኤንን መከታተል ተከለከለ። በወለጋ ከተሞች ጣራ ላይ የነበረው ሳህን፣ አባት ከባሕር ዛፍ ላይ ያሰረው ሽቦ ልጅ ሆነ።

የእንግሊዙ ጉዳይ እዚህ ላይ ትምህርት ይሰጣል፤ እንግሊዝ ደግ ስለሆነች አይደለም። መንግሥቱ መርከቦቹን ዘጋ። ነገር ግን ሰዎቹን ወሰደ፤ ወጣቱ ምን እንደ ፈለገ ከእነርሱ ተማረ። በእኛ አገር ከስውር ራዲዮ የተወረሰው ዕውቀት የማፈን ዕውቀት ሆነ። አፋኙ ከውጭ አልመጣም። ታፍኖ የኖረው ራሱ ነው። ትዝታው ደግሞ አልጠፋበትም፤ በበዓል ቀን ስለ ጫካው ራዲዮ በኩራት ያወራል፣ ዘጋቢ ፊልም ያሠራል። እንግዲህ ትዝታ ሰውን ከስሕተት አያድንም ማለት ነው። ያለፈ ድፍረትን ማስታወስ የዛሬን ፍርሃት ለመሸፈን ሲያገለግል፣ ትዝታ ከጌጥ አይለይም።

ይህን የሚቃወም ሰው ሊናገር የሚችለው አለ። «ያለፈ ክረምት ቤት አይሠራለትም» ይላል፤ ዘመኑ ተለውጧል፤ ዛሬ በነቀምቴ ኤፍ.ኤም. አለ፣ ሳተላይት አለ፣ በእያንዳንዱ ኪስ ውስጥ ስልክ አለ፤ ታዲያ ስለ አጭር ሞገድ ማሰብ ምን ይጠቅማል? ክርክሩ ቀላል አይደለም። ብዛቱ እውነት ነው፤ ብዛት ነጻነት መሆኑም በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን ያኔ የነበረውን አድማጭ ከዛሬው ጋር ማስተያየት ይገባል። በ1970ዎቹ በጊምቢ የሚኖር አንድ መምህር ይታሰብ። ማምሻውን የአዲስ አበባን ዜና ይሰማል። ቀጥሎ የጀርመንን፣ ሌሊት ደግሞ የሞቃዲሾን። ሦስቱ ስለ አንድ ጦርነት ሦስት የተለያየ ነገር ይነግሩታል። ማንን እንደሚያምን የሚነግረው የለም። አዲስ አበባ ያልተናገረችውን ቦታ ስም ከጀርመኑ ያገኛል፤ ሞቃዲሾ ያጋነነውን ቁጥር ከአዲስ አበባ ዝምታ ጋር ያመዛዝናል። ጠዋት ወደ ክፍል ሲገባ የሚያውቀው ነገር ከየትኛውም ጣቢያ ያልተነገረ፣ ራሱ የሠራው ነው። ለማንም አይናገርም እንጂ ሐሳቡ የራሱ ነው። በትምህርት ቤት መጽሐፍ ስለ ማመዛዘን ከተጻፈው ሁሉ የበለጠ በዚያች ሣጥን ተምሯል።

ዛሬ ድምፁ በዝቶ አድማጩ አንድ ድምፅ ብቻ መርጦ ይይዛል፤ ሌላውን ለመስማት ሽቦ መዘርጋት ስለማያስፈልገው ሌላውን አይሰማም። ማነሱ ምክንያት ሆኖ ያመጣውን ትጋት ብዛቱ ወሰደው። ሆኖም ከዚህ ተነሥቶ እጦትን ማመስገን አይገባም። ረኃብ ምግብን ያጣፍጣል ብሎ ለረኃብ የሚከራከር ሰው ጠግቦ ያደገ ሰው ነው።

ዘመኑ ተለውጧል የሚለውም ቢሆን እስከ መጨረሻው አይሄድም። ከታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ እስከ መጋቢት፣ ሦስት ወር ያህል፣ በወለጋ ዞኖች ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ በብዙ ቦታ ስልክም ጭምር። የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገር የገባበት ወር ነው። ዓለም ሁሉ እጅን ስለ መታጠብ ሲነገረው፣ በደምቢ ዶሎ ያለ ሰው በአዲስ አበባ ያለ ልጁ ደኅና ይሁን አይሁን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ስለ ወለጋ የሚነገረው ወሬ ከወለጋ ውጪ ይዘዋወር ነበር፤ ጆሮ እንደገና ለባለቤቱ ባዳ ሆነ። ያ ወር የሚያሳየው የኪሱ ስልክ መርከብ አለመሆኑን ነው። መርከቡ ከማንም ክልል ውጪ ቆሞ ነበር፤ የስልኩ መስመር ግን አንድ ቤት ውስጥ ገብቶ፣ አንድ ሰው ሊያጠፋው ይችላል። አጭር ሞገድን ለማፈን ሌላ ማሰራጫ፣ ኤሌክትሪክና ገንዘብ ያስፈልግ ነበር፤ አፈናውም ራሱ ጩኸት ስለ ነበረ አድማጩ እየታፈነ መሆኑን ያውቃል። አዲሱ አፈና ድምፅ የለውም።

የሩቁ ድምፅ ደግሞ ዘላለማዊ እንዳልሆነ የታየው በቅርቡ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞች በገዛ መንግሥታቸው ውሳኔ ከሥራ ሲታገዱና ስርጭቱ ሲቋረጥ፣ መለስ ዜናዊ በመሣሪያ ሊያደርጉት የሞከሩትን ባለቤቱ በአንድ ወረቀት ፈጸመው። በሰው ሰማይ ላይ የተሠራ ተስፋ ባለ ሰማዩ በፈለገ ጊዜ ይወርዳል።

በአማርኛ ናፍቆትና ትዝታ የሚባሉት ሁለት ነገሮች ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። የሚናፈቅ ነገር ሊመለስ ይችላል፤ ልጅ ከወታደርነት፣ ወዳጅ ከስደት ይናፈቃል። ትዝ የሚለው ግን የሄደ ነው። በወለጋ ስለ ራዲዮ የሚወራው ከሁለቱ የትኛው ነው? የቆዳ ለባሹ ሣጥን፣ የባትሪ ድንጋዩ፣ ከሩቅ ሲቃረብ የሚሰማው መክፈቻ ሙዚቃ ትዝታ ነው፤ አይመለስም፣ ባይመለስም አይጎዳም። በእንጭጭ ሐሳብና በተገዛ ድምፅ መካከል ተቀምጦ ለራሱ የሚያመዛዝነው አድማጭ ግን የሚናፈቅ ነው። አረጋዊው ሁለቱን ለይቶ ስለማይናገር፣ ልጆቹ ስለ ሣጥኑ ብቻ የሚያወራ ይመስላቸዋል።

አንድ ነገር ግን ቀርቷል። ራዲዮ በስውር በተደመጠበት ቤት ሁሉ ሁለት ዓይነት ጆሮ ነበር። አንዱ ከድምፅ ማጉያው ጋር ተጣብቆ ዜና የሚያደምጠው ነው። ሌላው በሩ ዘንድ ቆሞ መንገዱን የሚያደምጠው ነው፤ ብዙ ጊዜ ሚስት ወይም ከልጆቹ ታላቂቱ። ስለዚያ ዘመን ዛሬ የሚያወራው የመጀመሪያው ነው። የጣቢያውን ስም፣ የአስተናባሪውን ድምፅ፣ የሞገዱን ሜትር እየጠራ ያጫውታል፤ የተሰበሰበውም በመደነቅ ያደምጠዋል። እርሷ ቡና ታፈላለች። እስቲ አንቺስ ምን ትዝ ይልሻል ብሎ የሚጠይቃት ቢኖር፣ ስለ ዜናው የምትለው የላትም፤ አልሰማችውም ነበርና። የውሻው ጩኸት ከየትኛው አጥር እንደ ጀመረ፣ የሚያልፈው ሰው የጫማው ኮቴ ሲቃረብ በስንተኛው እርምጃ «ዝቅ አድርገው» እንዳለች ግን ትናገራለች።